ለሆቴልና ለምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ለማሠልጠኛዎችና ለሙያ ምዘና መሥሪያ ቤቶች፦ የማስተማሪያ ሰዓት ስጡን

ጉዳዩ፦ የሠለጠኑ ሼፎችን እጥረት ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ወጥ ቤት የገባሁት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። ከማጠቢያው ወደ መክተፊያው፣ ከመክተፊያው ወደ ምድጃው እያልኩ እነሆ 22 ዓመት ሞላኝ፤ ያለፉትን ዘጠኝ ዓመታት የሠራሁት በዋና ሼፍነት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ በዘርፉ ስብሰባዎች ላይ "ሼፍ ጠፋ" የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ቃል የለም። ቃሉ ሐሰት አይደለም። እኔ ራሴ አንድ የሶስ ክፍል ኃላፊ ስፈልግ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ በእነዚያ ወራት የእሱን ሥራ ተካፍለን ስንሠራ ምን ያህል እንደደከምን የምናውቀው እኛው ነን። ነገር ግን ሼፍ እንዴት እንደሚጠፋ ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ደመወዝ ስለመጨመር፣ ከሌላ ሆቴል ሰው ስለማስኮብለል፣ ከሩቅ አገር ስለማስመጣት እናወራለን። እነዚህ ሁሉ ያለውን ሰው ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው ያዛውሩታል እንጂ አንድ ሰው አይጨምሩም።

በቅርቡ ለጀማሪ አብሳይነት አንዲት ወጣት ቀጠርን። ምስክር ወረቀቷ የተሟላ፣ ውጤቷም ጥሩ ነው። እንደ ልማዴ ሦስት እንቁላል፣ ቁራጭ ቅቤና መጥበሻ ሰጥቼ "ኦምሌት ሥሪልኝ" አልኳት። ቅቤውን መጥበሻው ላይ ጣለችና ቆመች። "ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?" አለችኝ። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም። መሠረታዊ የሚባሉትን አምስቱን ሶሶች ከነአዘገጃጀታቸው ጠይቋት፣ አንዱን ሳታስቀር ትነግራችኋለች። ግን የተማረችበት ቦታ ሃያ አምስት ሆነው አንድ ምድጃ ይከቡና መምህሩ ሲሠራ እነሱ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። በሥልጠናው ዘመን ሁሉ ብቻዋን ምድጃ ፊት የቆመችው ስድስት ጊዜ ነው፤ ቆጥራ ነገረችኝ።

ቅቤ በሰዓት አይታወቅም። መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ይንጫጫል፤ የሚንጫጫው በውስጡ ያለው ውኃ ነው፣ ከመቶ 16 እጅ ገደማ የሚሆነው። ውኃው ተንኖ ሲያልቅ ድምፁ ሰከን ይላል፣ አረፋውም ይወርዳል። እንቁላሉ መግባት ያለበት በዚያች ዝምታ ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ ከቆያችሁ የወተቱ ቅሪት መጥቆር ይጀምራል፤ የተቆላ ለውዝ ይሸት የነበረው ማረር ማረር ይላል። ይህን በቃል ነገርኳት፤ አልያዘችውም። አጠገቧ ቆሜ "ስሚው... ስሚው... አሁን ዝም አለ፣ አግቢው" እያልኩ አሥር ጊዜ ካሠራኋት በኋላ ግን ዛሬ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች እንኳ የሌላ ሰው ቅቤ ሲያልፍበት ታውቃለች። ከቅቤው አልፈን ቢላዋ አያያዝ፣ የዓሣ አጥንት ማውጣት፣ ሥጋን በጣት ተጭኖ መብሰሉን ማወቅ ድረስ ሄድን። በቀን አርባ ደቂቃ፣ ለሦስት ሳምንት። ከዚህ በላይ አልፈጀም።

የጎደለችን ይህች አርባ ደቂቃ ናት። በደብዳቤዬ የምጠይቀውም እሷኑ ነው።

ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ትልቅ ሆቴል ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እዚያ የጠዋቱና የማታው ሺፍት ለአንድ ሰዓት ይገናኙ ነበር። በዚያች ሰዓት ኦርደር ቀዝቀዝ ስለሚል ነባሮቹ አዲሶቹን ይዘው ያሳያሉ፣ ያርማሉ፣ ይቆጣሉም። አንድ ቀን ወጪ ቅነሳ መጣና "ለአንድ ቦታ ለሁለት ሰው አንከፍልም" ተብሎ መገናኘቱ ቀረ። ወረቀት ላይ ሲታይ ቁጠባ ነበር። የማታዎቹ ልጆች ሲገቡ ግን ነባሮቹ ልብስ ቀይረው ሄደዋል። በሦስተኛው ወር አንድ ተለማማጅ ከፍሪዘር የወጣ ድንች በረዶውን ሳያራግፍ የጋለ ዘይት ውስጥ ገለበጠው። ዘይቱ ገንፍሎ ክንዱን እስከ ክርኑ ላጠው። ውኃ ያለበት ነገር የጋለ ዘይት ውስጥ እንደማይጨመር ለማንም ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ነው፤ የሚነግረው ሰው ግን ያን ሰዓት አውቶቡስ ላይ ነበር። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ "ሼፍ፣ ማንም አልነገረኝም እኮ" አለኝ። ቅሬታ አልነበረም፤ ጥፋተኛ እንዳልሆነ እንዳምንለት ብቻ ነው የፈለገው። ሲድን ወደ ወጥ ቤት አልተመለሰም። እኔም በዚያው ዓመት ለቀቅሁ። ቤቱ ያወጣው ማስታወቂያ "ልምድ ያለው አብሳይ እንፈልጋለን" የሚል ነበር።

ወጥ ቤት ድሮ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚሠራበትን የወጥ ቤት አደረጃጀት መልክ ያስያዘው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ በ13 ዓመቱ ኒስ ከተማ በሚገኘው የአጎቱ ምግብ ቤት ነው ሥራ የጀመረው። በኋላ በጦር ሠራዊት ውስጥ አብስሏል። እ.ኤ.አ. በ1890 የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ሲገባ ሥራውን በክፍል በክፍል ከፋፈለው፤ ሶስ ለብቻ፣ ጥብስ ለብቻ፣ ዓሣ ለብቻ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ለብቻ። "ብሪጌድ" የምንለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሥራውን ማፍጠኑ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ጎኑ ነው፦ በየክፍሉ ኃላፊ አለ፣ ከእሱ በታች ረዳት፣ ከረዳቱ በታች ተለማማጅ። ማንም ሰው ከጎኑ ከእሱ የሚበልጥ አንድ ሰው፣ ከበታቹም የሚያሳየው አንድ ሰው ነበረው። ኤስኮፊዬ መጠጥና ጩኸትንም ከወጥ ቤቱ ለማስወጣት ደክሟል፤ ጩኸት ባለበት ሰው እንደማይማር ገብቶት ይመስለኛል።

ያ ዘመን ለተለማማጅ ምቹ ነበር አልልም። ልጆች ይደበደቡ፣ ያለ ክፍያ ይደክሙ ነበር። ግን ውሉ ግልጽ ነበር፦ ጉልበትህን ስጥ፣ ሙያ ውሰድ። እኛ ጉልበቱን መውሰድ ቀጥለን ሙያ መስጠቱን ተውነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳናስተውለው መጥቷል። የተከተፈ አትክልት በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፤ የአጥንት መረቅ በዱቄት ይመጣል፤ ዓሣው ታጥቦ፣ ተለክቶ፣ ተቆርጦ ይመጣል። ጊዜ ይቆጥባል፤ አንዳንዴም ብክነት ይቀንሳልና አልቃወመውም፣ እኔም እገዛለሁ። ግን ጀማሪ እጁን የሚያፍታታው በዚያ ሥራ ነበር። ሁለት ጆንያ ሽንኩርት የከተፈ ሰው ቢላዋው የእጁ ቅጥያ ይሆናል። በየጠዋቱ መረቅ ሲጥድ የኖረ ሰው እሳት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። የመሰላሉን የታችኛውን እርከን አንሥተን ስናበቃ "ለምን አልወጡም?" እያልን ነው። የታሸገውን የምንገዛ ከሆነ በገዛነው ልክ የተረፈውን ሰዓት ለማስተማር መመለስ ነበረብን። ያ ሰዓት ግን ሠራተኛ መቀነሻ ሆነ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 2020 መጣ። በወረርሽኙ ምክንያት ከአገር አገር የሚጓዘው ቱሪስት በዚያ ዓመት ከ70 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ፤ ወጥ ቤቶች ተዘጉ። አብሳዮች ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማታ ማታ ቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር እራት በሉ። በበዓል ቀን ተቀምጠው የሚበሉ ሰዎች ሆኑ። ሲከፈት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ያልተመለሱትም በአብዛኛው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሠሩት ነበሩ። እነዚህ ደግሞ የወጥ ቤት ወገብ ናቸው፦ ዋና ሼፉ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሲሠራ ጀማሪውን ምድጃ ላይ የሚይዙት እነሱ ናቸውና። ወገቡ ሲቆረጥ ላይና ታቹ ተለያየ።

ስለዚህ ስለ ሥራ ሰዓት ሳላነሣ ባልፍ ደብዳቤዬ ጎደሎ ይሆናል። ለሁለት የተከፈለ ሺፍት የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ጠዋት አራት ሰዓት ይገባል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ውጣ" ይባላል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሶ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆማል። በመካከል ያለችው ሁለት ሰዓት አትከፈልም፤ ቤት ደርሶ ለመመለስም አትበቃም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ በዱቄት ጆንያ ላይ ተጋድመው የሚተኙ የሠለጠኑ ሰዎችን አይቻለሁ፤ እኔም ተኝቻለሁ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ለሆቴልና ምግብ ቤት ሠራተኞች ብቻ የተለየ ስምምነት አውጥቷል፤ ቁጥሩ 172 ነው። ምክንያታዊ የሥራ ሰዓት፣ የቀንና የሳምንት ዕረፍት፣ ጉርሻ ኖረም አልኖረም በመደበኛነት የሚከፈል መሠረታዊ ደመወዝ እንዲኖር ይላል። አንዱ አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው የግልና የቤተሰብ ሕይወቱን እንዲያስተካክል የሥራ ሰሌዳውን በተቻለ መጠን አስቀድሞ ይወቅ ይላል። ይህ ከተጻፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም የሚቀጥለውን ሳምንት ሺፍቱን እሑድ ማታ በስልክ መልእክት የሚያውቅ አብሳይ ሞልቷል።

የማሠልጠኛ ኃላፊዎች ሆይ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። በጀት እንደሚያጥራችሁ፣ ጋዝና ሥጋ እንደሚወደድባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ምድጃ የማይነካ ሠልጣኝ ማስመረቅ ለእሱም ለእኛም አይበጅም። ሃያ አምስቱን ስድስት ስድስት አድርጋችሁ በየተራ ብታስገቧቸው፣ ሥጋ ባይኖር በእንቁላል፣ በሩዝና በሽንኩርት ብቻ የሚማሩት አያልቅም። ፈተናውን ከደብተር ወደ መጥበሻ አውጡት። መምህራኖቻችሁም በየዓመቱ ጥቂት ሳምንት ሥራ ላይ ወዳለ ወጥ ቤት ይመለሱ፤ አርብ ማታ ስልሳ ኦርደር በአንድ ጊዜ ሲወርድ ያልቆመ ሰው ፍጥነትን በቃል ማስተማር ይቸግረዋል።

ጀርመን ውስጥ አብሳይነት ሦስት ዓመት የሚወስድ ሙያ ነው። ተለማማጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፤ ጊዜውን በሥራ ቦታውና በሙያ ትምህርት ቤቱ መካከል ያካፍላል፤ የተለማማጅ አበል ይከፈለዋል፤ በድርጅቱ በኩል የሚያሠለጥነው ሰውም ለማሠልጠን ብቁ መሆኑን ማስመስከር አለበት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ትልቁ ነው፦ ጥሩ ማብሰልና ጥሩ ማስተማር ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን አምነው ተቀብለዋል። እዚያም ቢሆን የአብሳይነት ተለማማጆች ውላቸውን በመሃል ከሚያቋርጡት ዘርፎች መካከል ከፊት ይሰለፋሉ። ምክንያቱ ያው ነው፤ ሰዓቱና ድካሙ። የሥልጠና ሥርዓት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ሰው የሚኖርበት የሥራ ሰዓት አብሮት መሄድ አለበት።

"እኔ አሠልጥኜ ጎረቤቴ ሊወስድብኝ?" የምትሉ ባለቤቶች አላችሁ፤ ፊት ለፊት የነገራችሁኝም አላችሁ። ስጋቱ ተራ አይደለም። እኔ ካስተማርኳቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ዛሬ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ሁለቱ ሲለቁ አልቅሻለሁ። ግን እኔንስ ያስተማረኝ ማን ነው? ዛሬ የምሠራበት ቤት አይደለም። የመጀመሪያውን ቢላዋ ያስያዙኝ ሽማግሌ ሼፍ የሌላ ቤት ሰው ነበሩ፤ የድካማቸውን ፍሬ የበላው ሌላ ነው። ሁላችንም ሌላው ቤት በዘራው እያጨድን ነው የኖርነው፤ አሁን የሚዘራው እያነሰ ስለመጣ ማጨዱ ከበደን። ደግሞም ሰዎች ከሚማሩበት ቤት በቶሎ አይወጡም። ልጆቼ ሲለቁ ምክንያታቸውን እጠይቃለሁ፤ "እዚህ የምማረው አለቀ" የሚለውን ከ"ደመወዝ አነሰኝ" ባልተናነሰ እሰማለሁ።

ሥልጠና የጣዕም ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ሩዝን ያስብ። የተቀቀለ ሩዝ በትልቅ ድስት ሞልቶ ሙቀቱን ይዞ ካደረ፣ ከመፍላት የተረፉት የባክቴሪያ ዘሮች ውስጡ ይራባሉ፤ የሚያመነጩት መርዝ ደግሞ በማግስቱ ቢያሞቁትም አይጠፋም። የተማረ ሰው ጥልቀት በሌለው ትሪ ላይ ዘርግቶ ቶሎ ያቀዘቅዘውና ፍሪጅ ያስገባዋል። ጀርም በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መሆኑን ያውቃል፤ የዶሮውን ወፍራም ቦታ በቴርሞሜትር ወግቶ ከ70 ዲግሪ ማለፉን ያያል። እንግዳው ይህን ሁሉ አያየውም፣ አመስግኖም አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፣ 420,000 ይሞታሉ። ሰው ስለጠፋ ብቻ ምንም ያልተነገረውን ልጅ ምድጃ ላይ ስናቆም ከዚህ ጋር እየተጫወትን ነው።

አሁን ወደ ምዘና መሥሪያ ቤቶች። ከእኔ ጋር ለ15 ዓመት የሠራች አንዲት ሴት አለች። ሾርባ ሲፈላ ከበሩ ላይ ሆና ከሽታው ብቻ ቅመም ማነሱን ትናገራለች፤ እኔ ቀምሼ አረጋግጣለሁ፣ አልተሳሳተችም። ጀማሪዎቹ ሲጨንቃቸው ወደ እኔ አይመጡም፣ ወደ እሷ ነው የሚሄዱት። የክፍል ኃላፊ እንድትሆን ሦስት ጊዜ ስሟን አቅርቤያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ "ወረቀት የላትም" ተብሎ ተመልሶብኛል። እሷ ለሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ልትማር አትችልም፤ የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት። አንድ ቀን ሙሉ አሠርታችሁ፣ ቀምሳችሁ፣ ስለ ምግብ ደህንነት ጠይቃችሁ፣ የሚጎድላት ካለ ያንን ብቻ አስተምራችሁ ማረጋገጫ ስጧት። በየወጥ ቤቱ እንደ እሷ ያሉ፣ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ፣ ሼፎች ሆነው ሳለ ሼፍ ያልተባሉ ሰዎች አሉ። ሼፍ ጠፋ በምንልበት ወቅት እነዚህን በር ላይ ማቆም በጣም ያሳዝነኛል።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ተለማማጅነት ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 208 መነሻ ይሆናችኋል። የጽሑፍ ውል፣ ተገቢ ክፍያ፣ በሥራ ላይና ከሥራ ውጭ የሚሰጥ ትምህርት በአንድ ላይ ይዟል። አዲስ ነገር መፈልሰፍ አይጠበቅባችሁም።

ከባለቤቶች የምጠይቀው የሚቀጥለውን ወር የሥራ ሰሌዳ ስታወጡ አንድ መስመር እንድትጨምሩ ነው። "ማስተማሪያ" በሉት። በሳምንት አራት ሰዓት፣ ኦርደር በማይበዛበት ጊዜ፣ ለአስተማሪውም ለተማሪውም የሚከፈልበት ይሁን። የሚያስተምረውን ሰው በስም ጻፉ፤ በደመወዙም ላይ ለዚሁ የሚሆን ነገር ጨምሩለት። ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሰረዘው መስመር እሱ እንዳይሆን አደራ። ሰሌዳውን ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለጥፉት።

እኔ አሁን ባለሁበት ቤት ባለቤቷን ለምኜ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት አስፈቅጃለሁ። ከማሠልጠኛዎች አንዱ ስድስት ሠልጣኝ ይዞ መምጣት ቢፈልግ ቦታ አለን። ልጆቹ ሽርጥና የተሸፈነ ጫማ ይዘው ይምጡ፤ ቢላዋና እንቁላል ከእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዋና ሼፍ